ገበያው እስከ ገና አይጠብቃችሁም፦ በራይን ወንዝ ጉዞ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ጀርመን አገር፣ ራይን ዳር ያለችው ኮሎኝ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ኅዳር ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል፤ ከሜሪላንድ፣ ከዱባይ፣ ከስቶክሆልም፣ ዘመድና የዘመድ ወዳጅ። "ከስዊዘርላንዷ ባዝል እስከ አምስተርዳም በመርከብ እየወረድን የገና ገበያዎቹን ልናይ ነው፤ ምን እንያዝ?" ይላሉ። የሚያዘው ቀላል ነው፤ ውሃ የማያስገባ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ጓንት፣ ጋቢ። ጋቢውን ስል እየቀለድኩ አይደለም፤ መርከቡ ጣራ ላይ ለመቀመጥ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። እኔን የሚያቃጥለኝ ከመደወላቸው በፊት የሠሩት ነው።

ቀኑን ሳያጣሩ ይገዛሉ። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ባለፈው ዓመት አንድ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች፣ ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው ዲሴምበር 27 ባዝል ላይ ተሳፈሩ። ማስታወቂያው "የገና ጉዞ" ይላል። ገና ለእኛ ታኅሣሥ 29፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ነው፤ እንግዲህ ገበያውም እስከዚያ ይቆያል ብለው አሰቡ። ኮሎኝ ሲደርሱ ልቀበላቸው ወጣሁ። ካቴድራሉ ሥር ያለው አደባባይ ባዶ ነው። ዝናብ ያረጠበው ድንጋይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የተረሳ የጥድ ቅርንጫፍ። ትንሿ ልጅ "ገበያው የት አለ?" ስትል አባቷ እኔን አየኝ፤ እኔ ወንዙን አየሁ።

የጀርመን የገና ገበያ የሚቆመው ለበዓሉ ሳይሆን አድቬንት ለሚሉት፣ ከበዓሉ በፊት ላሉት አራት ሳምንታት ነው። ራይን ዳር ካሉት አብዛኞቹ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ተከፍተው ዲሴምበር 23 ገደማ፣ በእኛ ታኅሣሥ 14 ግድም፣ ይጠቀለላሉ። አንዳንድ ከተማ ከበዓሉ በኋላ የበረዶ መንሸራተቻና ጥቂት ዳሶች ይተዋል፤ ለዚያ ብሎ ግን ማንም ውቅያኖስ አያቋርጥም። "የገና ገበያ ጉዞ" እና "የገናና የአዲስ ዓመት ጉዞ" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ጥሩ እራትና ርችት ነው፤ ገበያ የለውም። ምክሬን ከጠየቃችሁኝ፣ የዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ቅዳሜ ማታን ለከተማው ሰው ተዉለት።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ሰው መርከቡ ላይ እራት ሲቀርብለት የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ ገበያው በሚደምቅበት ጊዜ እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። አክስቴ በመጀመሪያ ጉዞዋ አስተናጋጁን "ሥጋ አልበላም" አለችው። እሱም ቬጀቴሪያን ብሎ ጻፈ። አምስት ማታ ሙሉ አይብ ያለበት ሳህን እየመጣ፣ እሷ እየመለሰች፣ በዳቦና በሰላጣ ሰነበተች። ጾም ብላችሁ ብታስረዱ አይገባቸውም፤ "ቪጋን" በሉ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የማይበላ ማለት ነው፤ ያውም ቲኬቱ ሲቆረጥ። ገበያው ላይ ማሮኒ የሚሉት በፍም የተጠበሰ ፍሬ አለ፤ እሱን ሳትሠጉ ብሉ። ኮሎኝ ላይ ራይበኩኽን የሚሉት የድንች ጥብስ ግን የጾም ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ሽቶለን የሚባለው የገና ዳቦ ራሱ ድሮ የጾም ነበር፤ የሮሙ ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ በ1491 ዛክሰን ለሚባለው የጀርመን ክፍል ሰዎች ቅቤ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ በዘይት ነበር የሚጋግሩት። ዛሬ በቅቤ የራሰ ነው። ሩደስሃይም የምትባለው የራይን ዳር ከተማ ላይ ደግሞ "የሩደስሃይም ቡና" ሲሏችሁ የቡና አገር ሰው ነኝ ብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ስኳሩ በብራንዲ ነዶ፣ ቡና ተጨምሮበት፣ ከላይ ክሬም ይከመርበታል። አክስቴ አሽትታ መልሳዋለች።

በረንዳ ያለው ካቢን አትግዙ። በዚያ ብርድ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ የለም። ወደብ ላይ ደግሞ ቦታ ስለማይበቃ መርከቦቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታሰራሉ፤ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ የምታዩት የጎረቤት መርከብ ሰውዬ ጥርሱን ሲፍቅ ነው።

ለበረንዳው ገንዘብ ከምታወጡ ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከሩደስሃይም እስከ ኮብሌንዝ ያለውን ሸለቆ የምናልፈው በቀን ነው? ዩኔስኮ በ2002 የመዘገበው 65 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኙን በየኮረብታው የድሮ መሳፍንት ግንብ፣ መሐሉ ላይ 132 ሜትር ከፍታ ያለው የሎረላይ አለት። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በሌሊት የሚያልፍ መርከብ ከያዛችሁ ያንን ሁሉ ተኝታችሁ ነው የምታልፉት።

ወንዙንም አስፋልት አታድርጉት። ውሃው ሲጎድል ካውብ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ያለው መለኪያ ይታያል፤ በኦክቶበር 2018 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር። የመለኪያው ዜሮ የወንዙ ወለል አይደለምና ሰው በእግሩ ይሻገራል ማለት አይደለም፤ ለመርከብ ግን ጭንቅ ነው። ሲሞላም እንደዚያው፤ ኮሎኝ ላይ 8 ሜትር ከ30 ከደረሰ መርከብ መንቀሳቀስ ያቆማል። ያኔ ወይ በአውቶቡስ ትዞራላችሁ፣ ወይ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ መርከብ ትሸጋገራላችሁ። ውላችሁ ላይ ተጽፏል። ሳታነቡ ፈርማችሁ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ መጮህ የማንንም ወንዝ አይሞላም።

መርከብ አምልጧቸው የሚቀሩትን ግን አልስቅባቸውም፤ እኔም ቀርቻለሁና። ጀርመን በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሩደስሃይም ላይ ስንወርድ ሰሌዳው መነሻ 10፡00 ይላል። እኔ አሥር ሰዓት ነው ብዬ፣ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው፣ ድሮሰልጋሰ የምትባለዋን ጠባብ መንገድ ሱቅ በሱቅ ስዞር ዋልኩ። ስመለስ ውሃው ብቻ አለ። ደግነቱ ባቡሩ ወንዙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ኮብሌንዝ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሞዜል ከራይን የሚገናኝበት ጫፍ አጠገብ መርከቡ ታስሮ አገኘሁት፤ ወጥ ቤቱ የምሳዬን አስቀምጦልኝ ነበር። እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ የመርከቡን ስልክና የሚቀጥለውን ወደብ ስም የያዘ ወረቀት ይኑር፤ ሰዓቱን ደግሞ በፈረንጅ አንብቡ።

የአሜሪካ ግሪን ካርድ የሸንገን (የአውሮፓ የጋራ መግቢያ) ቪዛ አይደለም። በእጃችሁ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ የምታመለክቱትም ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ከኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔ ወዲህ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ስለተራዘመ፣ ጥቅምት ላይ "አሁን ብንጀምርስ?" ብላችሁ አትደውሉልኝ።

ገበያው ላይ ትኩስ ወይን የሚቀርብበት ኩባያ ማስያዣ ገንዘብ የተከፈለበት ነው፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ተቀበሉ፣ ወይም ኩባያውን ይዛችሁ ሂዱ።

ኮሎኝ ስትደርሱ ደግሞ ይህን እባካችሁ አታድርጉት። ሰው ካቴድራሉ ሥር ገበያውን ዞሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ውስጥ ሳይገባ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ሌላው ቢመለስ ይመለስ፤ የእኛ ሰው ሲያደርገው አይገባኝም። ከዋናው መሠዊያ ኋላ በወርቅ የተለበጠ ሣጥን አለ፤ የሰብአ ሰገል አጽም ያረፈበት ነው ተብሎ ይከበራል። ሊቀ ጳጳሱ ራይናልድ በ1164 ከሚላኖ ያመጣው ነው። ለእሱ የሚመጥን ቤት ብለው ይህንን ካቴድራል በ1248 ጀምረው በ1880 ጨረሱት። ጸሎት ሲጀመር ለጎብኚ ይዘጋልና ሰዓቱን አይታችሁ ግቡ።

አክስቴን ወስጃታለሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ቀይ ካባ የለበሰውን ጠባቂ በአማርኛ "አንዱ እኮ ከኛ አገር የሄደ ንጉሥ ነው" አለችው። "ንገረው እንጂ!" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ነገርኩት። ሰውየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀና ሊዘጋ አምስት ደቂቃ እንደቀረው ነገረኝ። እሱን አልተረጎምኩላትም።