ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የምጣድ ኢነርጂ ጥናት ለመስራት ላሰባችሁ

ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ፣ ሁለት ሶስት ዩኒቨርሲቲ በታዳሽ ኃይል አብረን እንስራ ብለው ኤምኦዩ (የመግባቢያ ሰነድ) ይፈራረማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዛ ዝም። የሚያስተሳስረው ሁሉም በየላቡ (በየላብራቶሪው) የሚለካው አንድ ጥያቄ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። "ዝቅተኛ ካርቦን" ብላችሁ አትጀምሩ በጣም ሰፊ ነው። አንድ ኪሎ እንጀራ ለመጋገር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ጀምሩ።

ለምን ምጣድ ካላችሁ፣ የኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ የዞረ ቤት ሁሉ ጭሱንም ካርቦኑንም ይቀንሳል፣ ግን ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ስታሰሉት 16 አምፔር ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር ትራንስፎርመሩን አስቡት። ሙቀቱ የመካኒካል ነው፣ ጭነቱ የኤሌክትሪካል፣ ሰው ለምን በእንጨት እንደሚጋግር ደግሞ የኢኮኖሚክስ፣ አንድ ዲፓርትመንት ብቻውን አይጨርሰውም።

ቡድኑ ውስጥ እንጀራ ጋጋሪ ይኑር፣ እየተከፈላት፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ። ምጣዱ መስማቱን ሊጡ ሲፈስ በድምፁ የምታውቅ ሴት ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) የት እንደምታስቀምጡ ከማንም በላይ ትነግራችኋለች፣ አይን ያላወጣ እንጀራ እየለካችሁ ኢነርጂ ቆጠብን እንዳትሉም ትጠብቃችኋለች።

አለካኩን ገና እቃ ሳትገዙ በጽሁፍ ተስማሙ። የሚመዘነው ሊጡ ነው ወይስ የወጣው እንጀራ (እንጀራው ይሁን፣ ውሃው በእንፋሎት ስለሚሄድ)፣ የምጣዱ ስፋት ስንት ነው፣ አክምባሎው ምን አይነት ነው፣ በአንድ ዙር ስንት እንጀራ ይጋገራል። ምጣዱን ለማሞቅ የሚሄደውን ኃይል ለብቻ መዝግቡ! ምጣዱ 15 ደቂቃ ከሞቀ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄዷል፣ ስለዚህ 5 እንጀራ የጋገረ ላብና 30 የጋገረ ላብ በጭራሽ አይገናኙም፣ ምጣዱ ግን ያው ምጣድ ነው።

ሰዓት ላይ እኔ ተቃጥያለሁ። ማስታወሻ ደብተራችን ላይ "3፡00" ተጽፏል፣ ሎገሩ (ዳታ የሚመዘግበው መሣሪያ) 09:00 ይላል፣ ሌላው ላብ ደግሞ 3፡00 ያለውን ሌሊት መስሎት የሳምንት ዳታ ተዘበራረቀ። ሁሉም በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኑም በአንድ ካላንደር ይሁን፣ አለቀ።

የውጭ አጋር ካላችሁ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌዩ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (ኤንቲኤንዩ) የሰሩትን ተመልከቱ። በፀሐይ እንጀራ መጋገር ላይ ነው፣ ሙቀቱን ናይትሬት ጨው ውስጥ ያከማቻሉ፣ ጨው ድብልቁ የሚቀልጠው 220 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለምጣድ ይስማማል። ጥያቄው የእኛ ኩሽና ነው፣ ለዚህ ነው የምወደው። አጋራችሁ የራሱን ርዕስ ይዞ መጥቶ እናንተን ዳታ ሰብሳቢ ካደረጋችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዳታው የት ይቀመጣል፣ ጽሁፉ ላይ የማን ስም ይገባል፣ የማስተርስ ተማሪው የቱን ክፍል ይወስዳል የሚለው ሁሉ መጀመሪያ ነው የሚጻፈው፣ በኋላ ላይ ወዳጅነት ያበላሻል።

ገንዘብ በአጭሩ፣ የኛ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል የአጋራችሁ ምናልባት ታህሳስ ላይ፣ ከውጭ የሚመጣ ሴንሰር ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ ግዢውን መስከረም ላይ ጀምሩ።

በመጨረሻ አንድ ምጣድ ወስዳችሁ በየዩኒቨርሲቲው አዙሩት፣ እያንዳንዱ ላብ አስር ዙር ይጋግርበት። ቁጥሩ ከተራራቀ ችግሩ አለካካችሁ ላይ ነው፣ እሱ ሳይስተካከል አዲስ ዲዛይን አትንኩ። ሸክላው መንገድ ላይ ስለሚሰነጠቅ በጭድ ጠቅልላችሁ ጫኑት፣ መጠባበቂያም ያዙ።