ሶሌታ ላይ ጉልበት የሚያጣ ድሪል፦ እኛ እንዴት እንደፈታነው

አራተኛ ፎቅ ላይ ለጂፕሰም ኮርኒስ ሶሌታ (የፎቁን የኮንክሪት ጣሪያ) ስንበሳ ድሪሉ መሃል ላይ ድምፁ ይወርዳል፣ ያቃስታል፣ ከዚያ ፑንታው (መብሻ ብረቱ) ኮንክሪቱ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል።

ፑንታ ቀየርን፣ ያው ነው። ካርቦኑን (ለሞተሩ መብራት የሚያደርሰውን፣ እያለቀ የሚቀየረውን) ቀየርን፣ ለትንሽ ጊዜ የተሻለው መሰለና ተመለሰበት። ወፍራም ኤክስቴንሽን ተዋስን፤ ረዳ እንጂ አልፈታውም።

በመጨረሻ ድሪሉ እየሠራ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ለካን። 220 መሆን የነበረበት ቮልት፣ ታች ያለው በያጅ ኤሌክትሮዱን ባስነካ ቁጥር 170 አካባቢ ይወርዳል። ለካ አንድ መስመር ነው የምንጋራው። በያጁን ደግሞ ሥራ አቁም አይባል ነገር!

የሠራልን 18 ቮልት፣ ብራሽለስ (ሞተሩ ካርቦን የሌለው)፣ የኤስዲኤስ ፕላስ ፑንታ (ያለ ቁልፍ ተገፍቶ የሚገባውን) የሚይዝ የባትሪ ሮታሪ ሃመር (እያዞረ የሚመታ ድሪል) ነው፣ ከሁለት ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር። ተራውን የባትሪ ድሪል እንዳትገዙ፤ ብሎኬት ይበሳል እንጂ ሶሌታ ላይ ያስለቅሳል። ለ6 ሚሊ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ይሄኛው ከበቂ በላይ ነው፣ መሰላል ሥር ቆሞ ገመድ የሚጎትት ረዳት ቀረ፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም።

ቻርጅ የምናደርገው በያጁ ምሳ ሲወጣ ነው። ከሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪ ወዲያው አትሰኩ፣ ብዙ ቻርጀር እስኪበርድ አይቀበለውም፤ ጥላ ላይ አቆዩት። ለቧንቧ ማሳለፊያ ትልቅ ቀዳዳ ግን ባለገመዱን አልጣልነውም፣ ጠዋት በያጁ ሳይገባ እንጨርሰዋለን።