ያነሳችኋት ቢራቢሮ ስሟ ሲጠፋባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ከፎቶ ዝርያ የሚለየው አፕ በየሙከራው ሌላ ስም ያወጣል

ብዙ ጊዜ አፑ ፎቶው የትና መቼ እንደተነሳ አያውቅም። ምስሉ በቴሌግራም ሲላክ ይጨመቃል፤ የቦታውና የቀኑ መረጃም አብሮ ይጠፋል። ዋናውን ፎቶ ከስልኩ ተጠቀሙ፤ መላክ ካለባችሁ እንደ ፋይል ላኩት። አይናቹራሊስት በተባለው የዝርያ መለያ አፕ ላይ ደግሞ ቦታውንና ቀኑን ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ይህን አትዝለሉት። በአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ሄሊኮኒየስ ኤራቶና ሄሊኮኒየስ ሜልፖሜኔ የተባሉ ሁለት የቢራቢሮ ዝርያዎች አንድ ሰፈር ላይ ቁርጥ መንትያ ይመስላሉ። ራቅ ብላችሁ ብትሄዱ ሁለቱም አብረው መልካቸውን ይቀይራሉ። ቦታው ካልታወቀ ፍለጋው በጭፍን ነው።

ስትበር ሰማያዊ ነበረች፤ ፎቶው ላይ ቡናማ ናት

ፎቶው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ከሆነ ሞርፎ የተባለችው ቢራቢሮ ሳትሆን አትቀርም። ስታርፍ ክንፏን ገጥማ ስለምትቆም የሚታየው ዓይን መሰል ክቦች ያሉበት ቡናማው የታች ገጽ ነው። ሰማያዊው የሚፈጠረው ብርሃን ክንፏ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ሲንጸባረቅ ነው፤ አንግሉ ሲቀየር ይደበዝዛል። ከላይም ከጎንም አንሷት። ያላችሁ የጎኑ ብቻ ከሆነ ከታች ገጽ ምስሎች ጋር አመሳክሩ።

ሁለት ስሞች እኩል ይገጥማሉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው በመመሳሰል ነው። ዳናውስ ክሪሲፐስ ብርቱካናማ ናት፤ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጣል ጣል አለበት። ጣዕሟ ስለሚያስጠላ ወፎች ይሸሿታል። የሌላዋ ዝርያ፣ የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ፣ ሴቷ ይህንኑ መልክ ለብሳ ከወፎች ትድናለች። ቀለሙን ተዉትና የኋላ ክንፉን አጉልታችሁ እዩ። ዳናውስ መሃሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች አሏት፤ ሂፖሊምናስ ግን ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ። ወንዱ ሂፖሊምናስ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፦ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት።

ቅርጹ ልክ ነው፤ ቀለሙ አይገጥምም

ቀኑን እዩ። አፍሪካ ውስጥ የምትገኘው ፕሪሲስ ኦክታቪያ በዝናብ ወቅት ብርቱካናማ፣ በደረቁ ወቅት ሰማያዊ ናት። የሁለቱንም ወቅት ምስል ፈልጉ።

ምንም አልተገኘም

መጀመሪያ አንቴናውን እዩ። ጫፉ ካላበጠ የእሳት ራት ሊሆን ይችላል፤ ቀን የሚበሩ፣ ቀለማቸው የሚያምር የእሳት ራቶች አሉና። እንደ ቢሲክለስ ያሉ ቡናማ ቢራቢሮዎች ላይ ግን ፎቶ ብቻውን ዝርያቸውን የማይለይበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ የወገኑን (የጂነሱን) ስም ብቻ ጻፉና እዚያው አቁሙ።