ኤፍ12 ተጭናችሁ የምታዩት ሁሉ ጎግል የሚያየው አይደለም

አንድ ጊዜ አንድ ገጽ ጎግል ላይ አልወጣ ብሎኝ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። ርዕሱን ቀየርኩ፣ መግለጫውን አሳጠርኩ፣ ፎቶዎቹን አቀለልኩ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ዴቨሎፐር ቱልስን፣ ማለትም ኤፍ12 ሲጫኑ ብራውዘሩ ውስጥ የሚከፈተውን መመርመሪያ፣ ከፍቼ ኔትወርክ የሚለው ክፍል ውስጥ ስገባ ችግሩ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሰርቨሩ ከገጹ ጋር በሚልከው ሄደር (ከገጹ ኮድ ውጭ የሚመጣ መረጃ) ውስጥ «ኤክስ-ሮቦትስ-ታግ፦ ኖኢንዴክስ» የሚል መስመር አለ። ሳይቱ ገና ሙከራ ላይ እያለ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ጎግልን «ይህን ገጽ እንዳትመዘግብ» ብዬው፣ ለምን አልመዘገበም እያልኩ ስበሳጭ ከርሜያለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይኼ ነው፤ ኤለመንትስን፣ ማለትም የገጹን ኮድ የሚያሳየውን ክፍል፣ ብቻ አይቶ መዝጋት። ኖኢንዴክስ በገጹ ኮድ ብቻ ሳይሆን በሄደርም ይመጣል። በሄደር የመጣውን ደግሞ ኤለመንትስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትፈልጉት አታገኙትም። ኔትወርክን ክፈቱና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ። ከዝርዝሩ የገጹን አድራሻ የያዘውን መስመር ተጫኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ አናት ላይ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ የመለሰውን ሄደር አንብቡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚያው እያላችሁ «ዲሴብል ካሽ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ብራውዘር 301 የሚባለውን ቋሚ ማዘዋወሪያ ያስታውሳል። ሰርቨሩ ላይ አስተካክላችሁትም ብራውዘራችሁ አሮጌውን መንገድ ይዞ ሊነዳችሁ ይችላል። ያልተበላሸ ነገር ስትጠግኑ ታድራላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ኤለመንትስ ራሱ ላይ ነው። የሚያሳያችሁ ሰርቨሩ የላከውን ኮድ አይደለም፤ ጃቫስክሪፕት የሚነካካውን ነካክቶ ከጨረሰ በኋላ ያለውን ነው። ጥሬውን ለማየት ኮንትሮልና ዩን አንድ ላይ ተጫኑ። «ጎግልም ጃቫስክሪፕት ያስኬዳል አይደል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጎግልቦት፣ ማለትም ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጎግል ፕሮግራም፣ የሚጠቀመው የክሮም ብራውዘር መሠረት የሆነውን ወቅታዊውን ክሮሚየም ነው። ግን እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ጥሬው ኮድ ላይ ኖኢንዴክስ ካለ፣ ጎግል ጃቫስክሪፕቱን ሳያስኬድ ገጹን ሊተወው ይችላል። ስለዚህ ኖኢንዴክሱን በኋላ በጃቫስክሪፕት ብታነሱት ኤለመንትስ ላይ ገጹ ንጹሕ ይመስላል፤ ፍለጋ ላይ ግን የለም። ካኖኒካል ሊንክም፣ ማለትም «የዚህ ገጽ ዋና አድራሻ ይኼ ነው» የሚለው መስመር፣ እንዲሁ ነው። ጥሬው ኮድ አንድ አድራሻ፣ ኤለመንትስ ሌላ አድራሻ ካሳየ ጎግልን ግራ እያጋባችሁት ነው።

ሌላው፣ እናንተ ገጹን ስትመረምሩ ወደ ታች ትወርዳላችሁ፣ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን ትጫናላችሁ። ጎግልቦት አይወርድም፣ አይጫንም። እንዲህ ሞክሩት፤ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉና ምንም ሳትነኩ ኤለመንትስ ውስጥ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ ከገጹ ግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ካልመጣ፣ ያ ጽሑፍ የሰው ጣት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሊንኮቹንም በዚያው እዩ። ጎግል የሚከተለው «ኤ» የተባለውን ታግ ከነ«ኤችሬፍ»ው ነው። ሲጫኑት ገጽ የሚቀይር ነገር ግን አድራሻ ያልያዘ በተን ለእናንተ በር ነው፤ ለእሱ ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ላይትሃውስ፣ እዚያው ዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ ለገጹ ነጥብ ወደሚሰጠው መመዘኛ። ኤስኢኦ (ለፍለጋ ምቹነት) የሚለው ላይ 100 አገኘሁ ብሎ ስክሪንሾት የሚልክልኝ ሰው አይጠፋም። ደስ ይላል። ግን ያ ቁጥር የሚለው ርዕስ አለ፣ መግለጫ አለ፣ ሊንኮቹን ጎግል ሊከተላቸው ይችላል፣ ገጹ አልታገደም፣ ይኼን ይኼን ብቻ ነው። ጽሑፋችሁ ሰው የሚፈልገውን ይመልስ አይመልስ አያውቅም። የፍጥነት ነጥቡ ደግሞ የእናንተ ኮምፒውተር፣ የእናንተ ኢንተርኔት፣ የእናንተ ኤክስቴንሽን ውጤት ነው። ቢያንስ ኤክስቴንሽኖቹን ለማስወጣት በኢንኮግኒቶ መስኮት ለኩ፤ አንዴ ለክታችሁም አትመኑት፣ ደጋግሙት። ጎግል ጥሩ የሚላቸው ልኮች ሦስት ናቸው፦ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት፣ ለጠቅታ ምላሽ ከ200 ሚሊሰከንድ አለመብለጥ፣ የገጹ ይዘት ከቦታው የመዝለል ነጥብ ከ0.1 አለመብለጥ። እነዚህ የሚመዘኑት ከእውነተኛ ጎብኚዎች በተሰበሰበ የ28 ቀን መረጃ ነው። ዛሬ አስተካክላችሁ ነገ ለውጥ ካላያችሁ አትደንግጡ። በነገራችን ላይ ሁለተኛውን፣ ማለትም የጠቅታውን ምላሽ፣ ላይትሃውስ ገጹን ከፍቶ ብቻ ሊለካው አይችልም፤ የሚጫን ሰው የለማ።

ዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ የስልክ ዕይታውን ከፍቶ «ስልክ ላይ ፈጣን ነው» ማለትም ያው ሽወዳ ነው። የጠበበው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አሁንም የኮምፒውተራችሁ ፕሮሰሰር ነው። ፐርፎርማንስ የሚለው ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰሩን 4 እጥፍ አዘግዩትና ልዩነቱን እዩ። ከፍጥነቱ በላይ ግን በስልክ ዕይታ የተደበቀ ወይም የተቆረጠ ጽሑፍ ካለ ፈልጉ፤ ጎግል የሚመዘግበው የስልኩን ገጽ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ብራውዘሩ ራሱን ጎግልቦት ነኝ እንዲል አድርጎ ሁሉንም ነገር ያየ ይመስለዋል። ስም መቀየር ነው እንጂ መሆን አይደለም። ብራውዘራችሁ ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለውን፣ ለፍለጋ ሮቦቶች የተከለከለውን የሚዘረዝረውን ፋይል አይቆጥረውም። ጽሑፉን የሚያመጣው የጃቫስክሪፕት ፋይል እዚያ ታግዶ ከሆነ፣ እናንተ ጋ ገጹ ሙሉ ሆኖ ይከፈታል፤ ጎግልቦት ጋ ባዶ ነው። ይኼን የምታረጋግጡት ጎግል ለሳይት ባለቤቶች በሚሰጠው በሰርች ኮንሶል የዩአርኤል (የገጽ አድራሻ) መመርመሪያ ነው። እሱ ራሱ ጎግል ያገኘውን ኮድ ያሳያችኋል።

ከቨሬጅ በሚለው፣ የትኛው ኮድ ሥራ ላይ እንደዋለ በሚያሳየው ክፍል ላይ በቀይ የሚታየውን ኮድ ሁሉ «ትርፍ ነው» ብላችሁ እንዳትሰርዙ። ቀይ ማለት እስካሁን አልተነካም ማለት ነው። የሜኑው ኮድ ሜኑውን እስክትከፍቱ ቀይ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ እኔም ስለሠራሁት። ኤለመንትስ ውስጥ ርዕሱን አስተካክላችሁ፣ አምሮ አይታችሁ፣ ሥራው አለቀ ብላችሁ ላፕቶፑን ከደናችሁት እንበል። ጠዋት ሪፍሬሽ ስታደርጉ አሮጌው ርዕስ እዚያው አለ። እዚያ የሚጻፈው የትም አይቀመጥም፤ ዋናው ፋይል ላይ ገብታችሁ ድገሙት።