ፓሮል ላይ ሆናችሁ የአልኮል ምርመራ ካለባችሁ

ሜሪላንድ ውስጥ ፓሮል ላይ ነበርኩ። አገር ቤት «በአመክሮ ወጣ» የምንለው ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1995 ፓሮልን ስላስቀረች እዚያ ያሉ ወገኖች በአብዛኛው ፕሮቤሽን፣ ማለትም ፍርድ ቤት ከእስር ቤት ውጭ በሚያዘው ክትትል ላይ ናቸው። ምርመራው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የፈረማችሁትን ወረቀት አንብቡ። አንዱ «አትስከር» ይላል፤ ሌላው ጠብታም አይፈቅድም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአክስት ልጅ ግምት አይበቃም።

ቀጥሎ በምን እንደምትመረመሩ እወቁ። የትንፋሹ የሚይዘው በሰዓታት ውስጥ የተጠጣውን ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው መሣሪያ በየ30 ደቂቃው ላባችሁን ይለካል። ኢቲጂ የሚባለው የሽንት ምርመራ ደግሞ አልኮሉን ሳይሆን ጉበት ሠርቶ የተወውን ትራፊ ነው የሚፈልገው። ብዙ ከተጠጣ ሦስት ቀን ገደማ ሊያሳይ ይችላል። «ቅዳሜ ጠጥቼ ሰኞ ንጹሕ ነኝ» የሚል ሒሳብ እዚህ ላይ ይበላሻል።

እኔን የጣለኝ ግን ቢራ አይደለም። ብርዝ ነው።

እሑድ ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ። የሕፃኑ አያት «ጠጅ እኮ አይደለም ልጄ፣ ለልጆቹም ቀድተናል» አሉኝ። እንቢ ማለት ነውር መሰለኝና ሦስት ብርሌ ጠጣሁ። ማርና ውሃ የዚያኑ ዕለት ተበጥብጦ ቢሆን እውነታቸውን ነው። ያ ብርዝ ግን ሐሙስ የተበጠበጠ ነበር፤ ያውም ጠጅ በወጣበት እቃ። እርሾ ማር ካገኘ ጌሾን አይጠብቅም፣ ይፈላል። ሰኞ ጠዋት ተጠራሁ፤ ፖዘቲቭ። ለሚከታተላችሁ ፈረንጅ ኦፊሰር ብርዝን ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለቴ ለምርመራ ስመላለስ ከረምኩ።

ያደረ ቀሪቦም እንደዚያው ነው። እንጀራን አትፍሩ፤ አልኮሉ ምጣድ ላይ ይተናል። አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫና የሳል ሽሮፕ ግን አልኮል አለባቸው፣ ጀርባቸውን አንብቡ። እጃችሁን በሳኒታይዘር ፋንታ በሳሙና ታጠቡ። ድግስ ስትሄዱ አምቦ ውሃ ያዙ። ኮራ ይሏችኋል፤ ይበሉ።

በየቀኑ ደውላችሁ ተራችሁን የምታጣሩ ከሆነ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። መቅረት ብዙ ጊዜ እንደ መውደቅ ይቆጠራል። «ያጥባል» ብላችሁም ውሃ በላይ በላዩ አትጠጡ፤ ሽንቱ ከቀጠነ ላቦራቶሪው ያውቀዋል፣ ተጠርጣሪ ያደርጋችኋል። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

በየቀኑ የምትጠጡ ከነበራችሁ በአንዴ አታቁሙ፤ ሐኪም አማክሩ። ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሳትጠጡ ፖዘቲቭ ከመጣ «ጠጥቻለሁ» በሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ያው ናሙና በላቦራቶሪ ይረጋገጥልኝ በሉ፣ የዚያኑ ቀን ለጠበቃችሁ ደውሉ። እኔ ደንግጬ ፈርሜ ነው የወጣሁት።