ኪክሎክ ላይ ከሎጊን በኋላ የሚያጋጥሙ የአካውንት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኪክሎክ የተጠቃሚዎችን መግቢያና ማንነት የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። በጉግል ወይም በሌላ አይደንቲቲ ፕሮቫይደር (ማንነትን በሚያረጋግጥ የውጪ አገልግሎት) በኩል የሚገባ ተጠቃሚ ሁለት ፍሎው (ተራ በተራ የሚሠሩ የመግቢያ ደረጃዎች) ያገኘዋል። «ፈርስት ሎጊን ፍሎው» የሚሠራው የውጪ አካውንቱ ኪክሎክ ውስጥ ካለ ተጠቃሚ ጋር ገና ካልተያያዘ ብቻ ነው። «ፖስት ሎጊን ፍሎው» ግን በገባ ቁጥር ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፍሎውን ቀየርኩት፣ ምንም አልተለወጠም
የምትሞክሩበት ተጠቃሚ ቀድሞ ተያይዟል። ሰርዙትና በኢንኮግኒቶ መስኮት እንደገና ግቡ። አሁንም ካልሆነ፣ ኮፒ ያደረጋችሁት ፍሎው በፕሮቫይደሩ ሴቲንግ ላይ አልተመረጠም ማለት ነው።

«አውቶማቲካሊ ሴት ኤግዚስቲንግ ዩዘር» ጨመርኩ፣ አሁንም «አካውንቱ አለ» ይላል
ምክንያቱ «ሪኳየርድ» (የግድ) እና «አልተርኔቲቭ» (አማራጭ) የሆኑ ደረጃዎችን በአንድ እርከን ላይ መቀላቀል ነው። «ሪቪው ፕሮፋይል» «ሪኳየርድ» ሆኖ ሳለ አዲሱን ከጎኑ «አልተርኔቲቭ» አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ኪክሎክ አልተርኔቲቩን ይዘለዋል፤ ሎጉ ላይም ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። «ሪኳየርድ» የሆነ ሰብ ፍሎው (በፍሎው ውስጥ ያለ ንዑስ ፍሎው) ፍጠሩና ሁለቱን እዚያ ውስጥ «አልተርኔቲቭ» አድርጉ፦ መጀመሪያ «ክሪኤት ዩዘር ኢፍ ዩኒክ»፣ ቀጥሎ «አውቶማቲካሊ ሴት ኤግዚስቲንግ ዩዘር»። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ሁለተኛው የሚይዘው የመጀመሪያው ፈልጎ ያገኘውን ነባር ተጠቃሚ ነው።

እባካችሁ ይህን የምታደርጉት ፕሮቫይደሩ ኢሜይል የሚያረጋግጥ ከሆነ ብቻ ይሁን። ማንም በፈለገው ኢሜይል መመዝገብ የሚችልበት ከሆነ፣ አንዱ በሌላው ሰው ኢሜይል ተመዝግቦ የዚያን ሰው አካውንት ይረከባል። እንዲህ ባለ ቦታ ነባሩን የማረጋገጫ ደረጃ አትንኩት።

ለማያያዝ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ተጠቃሚው ግን ፓስወርድ የለውም
የሪልሙ (ተጠቃሚዎቹና ሴቲንጋቸው ያሉበት ክፍል) ኤስኤምቲፒ (የኢሜይል መላኪያ ሴቲንግ) ካልተሞላ ኪክሎክ የኢሜይል ማረጋገጫውን አልፎ ወደ ፓስወርድ ይሄዳል። «ሪልም ሴቲንግስ» ስር «ኢሜይል» ውስጥ ገብታችሁ ሙሉትና «ቴስት ኮኔክሽን» በሉ። ኢሜይሉ ደርሶ ሊንኩ «ጊዜው አልፏል» ካለ፣ መነሻ ዕድሜው 5 ደቂቃ ስለሆነ ነው፤ «ቶክንስ» ውስጥ ማርዘም ይቻላል።

ኦቲፒ የሚጠየቀው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው
የኦቲፒ (ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ) ቦታው ፖስት ሎጊን ነው። «ኦቲፒ ፎርም» ብቻ ያለበት አዲስ ፍሎው ሠርታችሁ «ሪኳየርድ» አድርጉት። የብራውዘር ፍሎውን ኮፒ አታድርጉ፤ እዚህ ሲደረስ ተጠቃሚው ታውቋል፣ የስምና የፓስወርድ ፎርም ቦታ የለውም።

«ሪኳየርድ አክሽን» ነባር ተጠቃሚዎችን አልነካም
«ሪኳየርድ አክሽን» ተጠቃሚው ሲገባ የግድ የሚፈጽመው ሥራ ነው፤ «ዲፎልት አክሽን» ሲደረግ የሚያዘው ከዚያ በኋላ የሚፈጠሩትን ተጠቃሚዎች ነው። ለነባሮቹ በየተጠቃሚው ገጽ ላይ ጨምሩ፤ ብዙ ከሆኑ በአድሚን ኤፒአይ (ኪክሎክን በፕሮግራም ማስተዳደሪያ መንገድ)።