የጠወለገ አበባ ከየት ይቆረጣል?

ተክል የሚያብበው ዘር ለመስጠት ነው። ዘር መቋጠር ከጀመረ ጉልበቱን ወደዚያ ስለሚያዞር አዲስ እንቡጥ ማውጣቱን ይቀንሳል፤ በአንድ ዓመት ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት ደግሞ ጨርሰው ሊያቆሙ ይችላሉ። የጠወለገውን ቶሎ ያነሱለት ተክል ግን ዘር ፍለጋ እንደገና ያብባል።

ስለዚህ መነሳት ያለበት የጠወለገው ባለቀለም ክፍል ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው አረንጓዴ እብጠት ጭምር ነው፤ ዘሩ ያለው እዚያ ነው። እብጠቱን የመተው ስሕተት በፔቱኒያ ላይ ይበዛል። የጠወለገውን አበባ በጣት ሳብ ሲያደርጉት ያለ ችግር ይወጣል፣ መደቡም የጸዳ ይመስላል፤ የዘሩ ከረጢት ግን አገዳው ላይ ይቀራል። ቆይቶ ተክሉ እየረዘመ፣ አበባው እየሳሳ ይሄዳል። ከከረጢቱ በታች ያለውን ቀጭን አገዳ በጥፍር ቆንጥጦ ማንሳት ነው። አስቀድሞ ረዝሞ ከሆነ ቅርንጫፎቹን ከርዝመታቸው አንድ ሦስተኛ ያህል ያሳጥሯቸው፤ ውኃና ማዳበሪያ ካገኘ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ለስላሳ አገዳ ላላቸው ጣት ይበቃል። ለጽጌረዳና ለዳህሊያ ስለታም የአትክልት መቀስ ያስፈልጋል፤ ዶልዱም መቀስ አገዳውን ስለሚጨፈልቅ ለበሽታ በር ይከፍታል። የታመመ ተክል ከነኩ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ።

ጽጌረዳ ላይ ከአበባው ወደ ታች ሲወርዱ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገኘው በሦስት የተከፈለ ቅጠል ነው፤ እሱን ይለፉትና በአምስት የተከፈለው ጋ ይቁሙ። ከቅጠሉ ብብት ያለችው ጉንቁል ወደ ውጭ የዞረች ከሆነ ከእሷ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ። ረጅም ጉቶ ከተዉ ደርቆ ወደ ታች እየሞተ ይወርዳል፤ በጣም ከተጠጉ ደግሞ ጉንቁሏ ትጎዳለች። በዘለላ የሚያብብ ከሆነ የጠወለጉትን አንድ በአንድ ያንሱ፤ ዘለላው በሙሉ ሲያልቅ ከሥሩ ይቁረጡት። ገና የተተከለ ደካማ ጽጌረዳ ግን ቅጠሉን ይፈልገዋልና አበባውን ብቻ መቁረጥ ይሻላል። ቀይ ፍሬው ለውበት የሚፈለግ ዝርያ ከሆነም የመጨረሻዎቹን አበቦች አይንኩ።

ዳህሊያ ላይ እንቡጡንና ያለቀውን አበባ ማምታታት ቀላል ነው፦ እንቡጥ ክብና ጠንካራ ነው፤ ያለቀው ሾጠጥ ያለ ነው፣ ሲጫኑት ይለሰልሳል። የሚቆረጠው ከአበባው አንገት ሳይሆን ወደ ታች ወርዶ ጥንድ ቅጠል ካለበት አንጓ በላይ ነው፤ አለዚያ መደቡ በባዶ አገዳ ይሞላል።

ጄራኒየም መቀስ አይፈልግም፤ የአበባውን ዘንግ ከመነሻው ይዘው ወደ ታች ቢያጥፉት በቀላሉ ይገነጠላል። ግላዲዮለስ ሲያልቅ የአበባውን ዘንግ ብቻ ይቁረጡ፤ ለመጪው ጊዜ ሥሩን የሚመግቡት ቅጠሎቹ ስለሆኑ እስኪደርቁ ይቆዩ። ላቬንደር ከአረንጓዴው ክፍል ላይ እንጂ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አይቆረጥም፤ ከዚያ እምብዛም አያቆጠቁጥም።

ኢምፔሸንስና ብዙዎቹ ቤጎኒያዎች አበባቸውን ራሳቸው ያራግፋሉ። ቢሆንም እርጥበት በበዛ ጊዜ ቅጠል ላይ የተጣበቀውን መልቀም ያስፈልጋል፤ ግራጫ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሻገተውን ከመደቡ ያርቁት፣ ኮምፖስት ውስጥም አይጨምሩት። ጤናማው ግን ለኮምፖስት ይሆናል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አበባው ሲበዛ ሁለት ጊዜ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት ቢሠራ ይመረጣል።

ዘር ማስቀረት ከፈለጉ ከጠንካራው ተክል ላይ ጥቂት አበቦች ሳይቆረጡ ይቆዩና ራሳቸው ሲደርቁ ይልቀሟቸው። ከድቅል ዝርያ የተለቀመ ዘር ግን የእናቱን መልክ ይዞ ላይወጣ ይችላል።